ሐርጌሳ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ «ዋርያ»ን እንዴት ለመዳችሁት?

የደብረ ብርሃን ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐርጌሳ ውስጥ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ላስተምር ከመጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከጅግጅጋ ጠዋት ተነሥቼ፣ ቶጎ ውጫሌ ላይ ድንበሩን በእግሬ ተሻግሬ፣ ሳይመሽ ደረስኩ። ቅርብ ስለሆነ ብዙም አልተዘጋጀሁም። ጎረቤት አይደል እንዴ ብዬ።

መንገድ ላይ ሰው ሁሉ «ዋርያ!» እያለ ይጠራኛል። ባለሱቁ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የሰፈር ሕፃን ሳይቀር። እኛ ዘንድ ይህ ቃል ለምን እንደሚውል ታውቃላችሁ። ስሰማው ደሜ ይፈላል። መጀመሪያ ቀን ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ እጄን ዘረጋሁ፤ እሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። የእኔ እጅ አየር ላይ ቀረ። እሁድ አስተምራለሁ፣ ዓርብ አርፋለሁ። ቁርስ ላይ እንጀራ የመሰለ ነገር አይቼ ደስ ሲለኝ፣ ስኳር ነስንሰው ሻይ አፈሰሱበት።

ከሁሉም የከበደኝ ክፍል ውስጥ ያለው ነው። የፈተና ወረቀት ስመልስ ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ለግማሽ ማርክ ጠበቃ የሚቆም ተማሪ አይቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ የመቀነስ ምልክት ረስታ ለተቀነሰባት ግማሽ ማርክ አሥር ደቂቃ ቆማ ተሟገተች። ክፍሉ ደግሞ ጎራ ለይቶ ያጨበጭባል። እኔ ስማር መምህርን ቀና ብዬ ለማየትም እፈራ ነበር።

በዚህ ላይ ስም አወጡልኝ፤ «ቢዳር»። ምን ማለት ነው ስል፣ አንዱ ፊት ለፊቴ «መላጣ» አለኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፀጉሬ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸ እንጂ መላጣ አይደለሁም!

ኮንትራቴ የአንድ ዓመት ነው። እዚያ ያስተማራችሁ ካላችሁ ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ? ወይስ ሻንጣዬን ሳልፈታ ልመለስ?

ስድስት ዓመት ሐርጌሳ፦

ቢዳር፣ እንኳን ደህና መጣህ። ስም ከወጣልህ ተቀብለውሃል ማለት ነው።

ስማቸው እንደኛው ነው፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። ችግሩ መሐመድና አህመድ ይበዛል። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት መሐመድ ይኖርሃል። ስለዚህ ረጅሙ፣ ጥርሳሙ፣ አንካሳው እየተባለ ይለያል። ሰው በዚያ አይቀየምም። በ2017 ዓ.ም. የተመረጡት የሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት እንኳ «ዒሮ» ነው የሚባሉት፤ ሽበት ማለት ነው። እኔ «ዴሬ» ነበርኩ፣ ረጅሙ። ዕድለኛ ነኝ።

ዋርያ «አንተ» ወይም «ስማ» እንደማለት ነው። ለሴት «ናያ» ይባላል። ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። አልዋሽም፣ አዲስ አበባ እያለሁ እኔም ሰው ሳሾፍበት ኖሬያለሁ። ሐርጌሳ የገባሁ ሰሞን አንድ አባት ከበሩ ላይ ሆኖ «ዋርያ!» ሲል ትንሽ ልጁ ኳሱን ጥሎ እየሳቀ ሲሮጥለት አየሁ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ስሰማ የሚያሳፍረኝ የራሴ ነገር ነው።

ወደ ክፍሉ ልምጣ። ክርክሩን ላጠፋው ብለህ እንዳትሞክር። እኔ ፊዚክስ ሳስተምር አንድ ዓመት ሙሉ «ዝም በሉ» እያልኩ ጉሮሮዬ ቆሰለ። ሶማልኛ በይፋ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በፊት ታሪኩም፣ ግጥሙም፣ ዳኝነቱም በአብዛኛው በቃል የሚሄድ ነበር። ዛሬም ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚረታው በአንደበቱ ነው። ልጅቷ የተሟገተችህ ስለናቀችህ እንዳይመስልህ። የሚናቅ ሰው ጋ ማን አሥር ደቂቃ ያባክናል?

እኔ በመጨረሻ ቀን ቆረጥኩላቸው። ሐሙስ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የክርክር ነው። ማርክ ተወሰደብኝ ያለ ጠመኔውን ይዞ ሰሌዳው ላይ ይሠራል፣ ያስረዳል። ከረታ ግማሿን ይወስዳል። ካልረታ ሌላ ግማሽ ይቀነስበታል። መጀመሪያው ሐሙስ አሥራ አራት ልጅ ተሰለፈ። በወሩ ሁለት። ግማሾቹ ሰሌዳው ላይ እየሠሩ ስህተታቸውን ራሳቸው ያዩና ጠመኔውን አስቀምጠው ይመለሳሉ፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። አንተም ተዘጋጅ ታዲያ። እኔ ሦስቴ ተረትቻለሁ።

በነገራችን ላይ ሰዓት አቆጣጠራቸው የኛው ነው። ዳይሬክተርህ በእንግሊዝኛ «ስምንት» ሲል በሶማልኛ «ላባ» ነው የሚለው፤ ሁለት። ይህን ባወቅሁ ቀን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ናፍቆቴ ቀለል አለኝ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። መሀል ከተማ ሚግ አውሮፕላን የተሰቀለበት ሐውልት አለ። እኔ እንደ ሞኝ ጣቴን «ቪ» አድርጌ ፎቶ ተነሣሁና ለመምህራኑ አሳየሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከዚችው ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ደብድበዋታል። ጎኔ የተቀመጠው መምህር ያኔ እናቱ አዝላው ወደ ኢትዮጵያ በእግሯ ተሰድዳለች። ይህን የነገረኝ ሻይ ከጋበዘኝ በኋላ ነው፣ ያውም በአማርኛ።

ጾሙንም ትለምደዋለህ። በ2016 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፤ መጋቢት 2። ምግብ ቤቱ ሁሉ ዝግ ስለሆነ እኔም ሳልወድ በግዴ እስከ ማታ እጾም ጀመር። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ማታ ሳምቡሳ አቀረበልኝ። ሥጋ አለው፣ አልበላም አልኩት። በማግስቱ ቴምርና ባጅዬ ለብቻ በሰሃን አስቀምጦ ጠበቀኝ። ባጅዬ ከጥራጥሬ ተፈጭቶ የሚጠበስ ነው፣ የጾም። ሰላሳ ቀን አንድም ቀን አልረሳም።

ቡና አፍይ፦

የወንድሜ ምክር ጥሩ ነው፣ ግን ወንድ የጻፈው ነው። እኔ አምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር ሻሹ፣ ረጅሙ ቀሚስ፣ ማታ ብቻዬን አለመውጣቴ ተደማምሮ አምስት ወር ነው የፈጀብኝ። በገና በዓል ቀን ሥራ ገብቼ አስተምሬያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ቅዳሴ በስልክ ነው፤ እሁድ ጠዋት እሰማና እንባዬን ጠርጌ ክፍል እገባለሁ። ይህንን «ትለምደዋለህ» ብለው አያልፉትም።

የረዳኝ ጀበናዬ ነው። ዓርብ ከሰዓት በር ከፍቼ ቡና ስቆላ፣ ፎቅ ላይ ያሉት እናት ሽታው ስቧቸው መጡ። «ቡና ነው?» አሉኝ በጥርት ያለ አማርኛ። በስደቱ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ሀርቲሼክ የስደተኞች ካምፕ ዓመታት ኖረዋል። ከዚያ በኋላ ዓርብ ሲመጣ ስኳሩ የእሳቸው፣ ቡናው የእኔ ሆነ። ጀበና ካልያዝክ በሚመጣ ሰው አስልክ።

የጅግጅጋ ልጅ፦

ትንሽ እርማት። ዋርያ በእኩዮች መካከልና ለታናሽ ምንም አይደለም። ተማሪ መምህሩን ዋርያ ካለ ግን ነውር ነው። «መዓሊን» ነው የሚባለው። ክፍል ውስጥ ከሰማህ ዝም አትበል፣ እነሱም ያውቁታል። ቢዳርን ግን ቻለው። ከእንግዲህ አይለቅህም 😂

የደብረ ብርሃን ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ከሱቅ ስወጣ ከኋላዬ «ዋርያ! ዋርያ!» ተባለ። እንደ ልማዴ ሳልዞር እርምጃዬን አፈጠንኩ። ሰውየው እየሮጠ ደረሰብኝ። ለካ የገዛሁትን ስድስት እንቁላል ባንኮኒው ላይ ረስቼ ነው።

ሐሙስ ላይ ክርክሩን እሞክረዋለሁ። ጀበናም አስልካለሁ፤ እናቴ ዛሬውኑ ደውላ «የትኛውን?» እያለች ነው።