«ጣትህን ነው የምትሰጠው፣ ልብህን አይደል»

የአራት ኪሎው፦
ዛሬ ወደ ሜክሲኮ ስሄድ ታክሲ ውስጥ የሰማሁት ነገር እስካሁን አለቀቀኝም። አንዱ ፋይዳ የሚባለውን ዲጂታል መታወቂያ ላውጣ ወይስ ልቆይ ብሎ ሲያማክር አጠገቡ የተቀመጠው «ምን ያስፈራሃል? ጣትህን ነው የምትሰጠው፣ ልብህን አይደል» አለው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ተናደድኩ። አሥር ጣት፣ ሁለት ዓይን፣ አንድ ፊት ነው የሚወስዱት። የይለፍ ቃሌ ቢሰረቅ ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ። ጣቴን በምን ልቀይረው?

የፒያሳዋ፦
ሰውዬው ልክ ነው። እናቴ ከፒያሳ ስትነሳ የቀበሌ መታወቂያዋ በቤት ቁጥር የታሰረ ነበር። ቤቱ ሲፈርስ መታወቂያውም አብሮ የፈረሰ ያህል ሆነ። መሸኛ ለማውጣት ስትመላለስ ጉልበቷ አለቀ። ለፋይዳ አንድ ቀን ተሰለፈች፣ አሻራ ሰጠች፣ ቁጥሯ በስልክ መጣላት። አዎ፣ ጣቷን ሰጠች። ሰው ሆና ተቆጠረች።

የአራት ኪሎው፦
እናትሽ መታወቂያ ማግኘቷን ማን ተቃወመ? እኔ የያዝኩት «ጣት ነው» የምትለዋን ቃል ነው።

ሰርቨር ጠባቂ፦
አሠራሩን ሳታውቁ አትጣሉ። ፋይዳ የቆመው ሞሲፕ በሚባል ከህንድ ባንጋሎር በወጣ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ባንኩ «ይሄ ሰው እሱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» ይመለስለታል። አንተ ከፈቀድክ ስምህና ፎቶህም ይላክለታል። ሕጉም አለ፦ የዲጂታል መታወቂያው አዋጅ 1284/2015፣ የግል መረጃ ጥበቃው 1321/2016።

የካዛንቺሱ፦
«አዎ ወይም አይደለም» ነው ያልከው? ባለፈው ሳምንት አንድ ባንክ ፋይዳዬን ፊትና ጀርባ ኮፒ አድርገው ከሌላ ሰው ኮፒ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ስወጣም እዚያው ነበር። አዋጁ ያንን ወረቀት ያንሳልኝ!

የፒያሳዋ፦
የቀበሌውስ መታወቂያ ስንት ቦታ ኮፒ ተደረገ? ያውም ብሔር የተጻፈበት። ፋይዳ ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም። በዚያ ጽሑፍ ስንት ሰው መንገድ ላይ እንደተንገላታ ረሳችሁ?

የአራዳ ልጅ፦
ቀበሌን እንዲህ አታድርጊው እንጂ። የቀበሌው ጸሐፊ ሰፈሩን በስም ያውቅ ነበር። ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።

የፒያሳዋ፦
በስም ያውቅ ስለነበር አይደል የወደደውን ቶሎ፣ የጠላውን ነገ ና የሚለው?

የአራት ኪሎው፦
ወደ ጣቱ እንመለስ። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አድሀር የተባለውን የአገሪቱን የመታወቂያ ቁጥር ከባንክ ሒሳብና ከሲም ካርድ ጋር ማያያዝን ማስገደድ አይቻልም ብሏል። የኬንያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ሁዱማ ናምባ የተባለውን የአገሪቱን ዲጂታል መታወቂያ ካርድ አገደ። በመረጃ ላይ የሚያደርሰው አደጋ ቀድሞ አልተጠናም ብሎ ነው። እኛ ጋ ግን ያለ ፋይዳ አዲስ የባንክ ሒሳብ አይከፈትም። ቆይ ልየው የሚል ሰው የት ይሂድ?

ሰርቨር ጠባቂ፦
ህንድ እኮ አድሀርን አልጣለችም። ከቢሊዮን በላይ ሰው ይዞታል።

የአራት ኪሎው፦
እኔስ መች ይጣል አልኩ? ኢስቶኒያ ውስጥ ሰው መረጃውን የትኛው መሥሪያ ቤት መቼ እንዳየው ራሱ ገብቶ ያያል። እኔም ማን እንዳየኝ ልይ። ጣትህን ኪስህ ልትከተው ትችላለህ። ቸርችል ጎዳናን የምትወርደው ግን ፊትህን ይዘህ ነው። ካሜራው ሁሉ ፊት መለየት ሲጀምር መንገድ መሄድ ራሱ መታወቂያ ማሳየት ይሆናል።

የካዛንቺሱ፦
እስከዚያ ምን አስኬደህ? «ፋይዳ እናትማለን» የሚሉት ሱቆች ቁጥርህን ይቀበሉና ስልክህ ላይ የሚመጣውን ኮድ ንገረን ይላሉ። ሰው ቆሞ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ፋይሉም እነሱ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል።

ሰርቨር ጠባቂ፦
ያ የሲስተሙ ችግር አይደለም።

የካዛንቺሱ፦
ታዲያ የማን ነው? ኮዱን ያነበበችው አሮጊት ጥፋት ነው?

የፒያሳዋ፦
እናቴ ያሳተመችው እንደዚህ ዓይነት ሱቅ ነው። ኮዱን ነግራቸዋለች፣ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ፋይዳ ጠቅሟታል፣ ከዚህ ቃሌ አልመለስም። ግን ያ ፋይል እንዲጠፋ ማንን ነው የምጠይቀው? የምታውቁ ንገሩኝ።