የጣልያንኛ ግስ አቼንቶ (ጠንክሮ የሚነገረው ክፍለ ቃል) ግራ አጋባኝ፣ ፈተናው ነገ ነው!

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ግሶቹን በክፍለ ቃል ከፍላችሁ አቼንቶው የሚያርፍበትን አሳዩ ተብለናል። ፓርላኖ (ይናገራሉ)፣ ቴሌፎናኖ (ይደውላሉ)፣ ካፒስኮኖ (ይገባቸዋል)፤ ሁሉንም ከመጨረሻ ሁለተኛው ላይ አደረግሁ። መምህሯ ሁሉንም በቀይ ሰረዘችው። ለምን? እባካችሁ ቶሎ!!

ማኪያቶ፦ እጅሽን እያወናጨፍሽ ተናገሪ፣ ጣልያን አቼንቶውን ከእጅሽ ያነበዋል 😂

የሮማ ነባር፦ ከመጨረሻ ሁለተኛው ነው። አትጨነቂ።

ጠያቂዋ፦ እሱን አድርጌ እኮ ነው የተሰረዘብኝ!

ሰዋስው ወዳጅ፦ መጀመሪያ አከፋፈሉን እንይ። የእኛ ፊደል ድምፅ ሲጠብቅ አያሳይም፤ እነሱ ግን ተነባቢውን ደግመው ይጽፉታል፣ ጥንዱም ለሁለት ይከፈላል፦ አ-ስፔት-ታ-ኖ። «ስ» ከተከታዩ ተነባቢ አይለይም፤ ስለዚህ ካ-ፒ-ስኮ-ኖ እንጂ ካ-ፒስ-ኮ-ኖ አይባልም። የፓርሊያሞ «ሊያ»ም በእኛ ሁለት ፊደል ቢሆንም አንድ ክፍለ ቃል ነው። ይህን ሳያውቁ ወደ አቼንቶ መሮጥ...

ሚላኖ፦ ጋሼ፣ ልጅቷ ነገ ፈተና አለባት! እህቴ፣ «እነሱ»ን ከመሥራትሽ በፊት «እሱ»ን በይ። ፓርላ «ፓር» ላይ ይጠነክራል፤ «ኖ» ሲጨመርበት አቼንቶው ከቦታው አይነቃነቅም፦ «ፓር»-ላ-ኖ፣ ካ-«ፒ»-ስኮ-ኖ። ቴሌፎና «ሌ» ላይ ስለሆነ ቴ-«ሌ»-ፎ-ና-ኖ ይሆናል፣ ከመጨረሻ አራተኛ! «እኛ» እና «እናንተ» ሲሆን ግን ወደ መድረሻው ይሄዳል፦ ፓር-«ሊያ»-ሞ፣ ፓር-«ላ»-ቴ። ይሄ ለአሁን ጊዜ ነው። የወደፊቱ ፓር-ሌ-«ራን»-ኖ ነው፣ እሱ ከመጨረሻ ሁለተኛው ላይ ነው። የተጠየቃችሁት የትኛው ጊዜ ነው?

ዝም አልልም፦ በጽሑፍ ምልክቱ ግድ የሚሆነው እንደ ፓርሌሮ መጨረሻው ላይ ሲያርፍ ነው። ሌላው ካልተጻፈ ምን አስጨነቃችሁ? ሰው ከተግባባ በቂ ነው።

ሚላኖ፦ እስቲ ካፒታኖ በል። «ካ»-ፒ-ታ-ኖ «ያጋጥማሉ» ነው፤ ካ-ፒ-«ታ»-ኖ ደግሞ የመርከብ አዛዥ። ተግባባህ?

ማኪያቶ፦ መርከቧ ሰመጠች 😂

አዲስ ገቢ፦ በዚሁ ልጠይቅ፤ ቬዴሬ (ማየት) «ዴ» ላይ ሆኖ ፕሬንዴሬ (መውሰድ) «ፕሬን» ላይ የሆነው ለምንድን ነው? አጻጻፋቸው አንድ ዓይነት አይደል?

ሚላኖ፦ በ«ኤሬ» የሚያልቁትን በአጻጻፋቸው አትለያቸውም። መዝገበ ቃላት እያየህ ሸምድድ።

የሮማ ነባር፦ ከመጨረሻ ሁለተኛው ነው አልኳችሁ እኮ።