መጽሐፋችን በቴሌግራም በነፃ እየተሠራጨ ነውና ምን ላድርግ?

በኅትመት ሥራ ላይ ላላችሁና የቅጂ መብት ሕግን ለምታውቁ ሁሉ፤

እኔ በአዲስ አበባ በአርታኢነትና በአነስተኛ አሳታሚነት የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት 2,000 ቅጂ ያሳተምነው ልብ ወለድ ገበያ ላይ በዋለ በሦስተኛው ሳምንት፣ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በፒዲኤፍ መልክ በቴሌግራም ሲሠራጭ አገኘሁት፤ በአንዳንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ መጽሐፉን ገልጦ የያዘው ሰው አውራ ጣት ሳይቀር ይታያል። ከዚያ ወዲህ አከፋፋዮች ተጨማሪ ቅጂ መውሰድ አቁመዋል፤ የማተሚያ ቤቱን ቀሪ ዕዳ አልከፈልኩም፤ የእርማት ሥራውን የሠራችልን ባልደረባችንም እስካሁን ክፍያዋን እየጠበቀች ነው። አንባቢውን አልወቅስም፤ የወረቀት መወደድ መጽሐፍን ከብዙ ተማሪ አቅም በላይ አድርጎታል።

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለ፣ ሥራን የማባዛትና የማሠራጨት መብትን ለሥራው አመንጪ፣ ማለትም ለደራሲው፣ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። የቸገረኝ ግን ከደራሲው ጋር የተፈራረምነው ውል ስለ ወረቀት ኅትመት ብቻ የሚናገር፣ ስለ ዲጂታል ቅጂ ግን ምንም የማይል መሆኑ ነው። ታዲያ ለቴሌግራም አቤቱታ ማቅረብ የምችለው እኔ ነኝ ወይስ ደራሲው ራሱ? አንዱ ቻናል ሲዘጋ ሌላው የሚከፈትበት ሰው ካለስ እንዴት ተወጣው? በአነስተኛ ዋጋ የኤሌክትሮኒክ ቅጂ አቅርቦ የተሳካለት አሳታሚም፣ ክፍያውን በቴሌብር እንዴት እንደሰበሰበ ቢነግረኝ ውለታው ትልቅ ነው።