የአቦርጂናል ሥዕል ከማን ልግዛ?

የፉትስክሬዩ፦
ወገኖቼ፣ ሃያ ዓመት አብራኝ ያስተማረች ባልደረባዬ በዚህ ወር ጡረታ ትወጣለች። የአቦርጂናል፣ ማለትም የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ፣ ሥዕል ልሰጣት አስቤ ሜልቦርን መሀል ከተማ አንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ነጠብጣቡ ዓይን ይማርካል፤ ዋጋው 280 ዶላር ነው። ገልብጬ ጀርባውን ሳየው ግን የሠዓሊ ስም የለም፣ የመንደር ስም የለም። «ማን ሣለው?» ብዬ ብጠይቅ «በአቦርጂናል ስልት የተሠራ ነው» የሚል መልስ አገኘሁ። ትቼው ወጣሁ። እውነተኛውን የት አገኛለሁ? ገንዘቡስ ለሠዓሊው ይደርሳል?

የበረሃዋ ነርስ፦
ወንድሜ፣ ደግ አደረግህ። የአውስትራሊያ የምርታማነት ኮሚሽን በ2022 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ባወጣው ጥናት፣ ሰው በዚህ ስልት ለተሠራ የማስታወሻ ዕቃ ከሚያወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሄደው አቦርጂናሎች ላልሠሩት ነገር ነው።

ከሥዕል ማዕከል ግዛ። ማዕከል ስልህ ሱቅ ማለቴ አይደለም። ባለቤቶቹ ሠዓሊዎቹ ናቸው፤ ኮሚቴውን ከመካከላቸው ይመርጣሉ። ማዕከሉ ሸራና ቀለም ያቀርባል፣ ያለቀውን ሥዕል ፎቶ አንሥቶ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ታሪኩን ከሠዓሊዋ አፍ ሰምቶ ይጽፋል። ሲሸጥ ድርሻዋን ትወስዳለች፤ የቀረው ለቀለም፣ ለነዳጅና ለሠራተኛ ደመወዝ ይውላል። ዋርልፒሪ የሚባሉት አቦርጂናሎች በሚኖሩበት በዩንዱሙ መንደር ከ1985 ጀምሮ የሚሠራው ዋርሉኩርላንጉ የሚባል ማዕከል አለ። ፓፑንያ ቱላ ደግሞ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ በ1971 የፓፑንያ መንደር ሽማግሌዎች የማር ጉንዳንን ታሪክ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሣሉ፣ በዓመቱ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ባሰብከው ገንዘብ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል ታገኛለህ።

መንገደኛው፦
እኔ አሊስ ስፕሪንግስ በሄድኩ ጊዜ መንገድ ዳር ከተቀመጠች ሴት በ60 ዶላር ገዛሁ። ደላላ የለ፣ ማዕከል የለ፤ ገንዘቡ በሙሉ እጇ ገባ። ይህ አይሻልም?

የበረሃዋ ነርስ፦
አላጠፋህም፤ ሴትዮዋም ልጆቿን አብልታበታለች። እኔ ለማዕከሉ የምሟገተው ከሥራዬ ተነሥቼ ነው። የምሠራው ኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ነው። እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራትና አምስት ሰዓት ይወስዳል። ቀድሞ ኪንቶር በሚባለው የበረሃ መንደር ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አሊስ ስፕሪንግስ መኖር ነበረበት። የልጅ ልጆቹን ዘፈኑንና ምድሩን የሚያስተምር ሽማግሌ ከአገሩ ተነቅሎ ከተማ ውስጥ ይሞት ነበር። በሰው አገር መሞት ምን እንደሆነ ለእኛ ማንም አይነግረንም።

በ2000 የፓፑንያ ቱላ ሠዓሊዎች መከሩበት። የኪንቶር ወንዶች አንድ ትልቅ ሸራ፣ ሴቶቹ አንድ፣ ኪዊርኩራ የሚባለው ሌላው የበረሃ መንደር ወንዶች አንድ፣ ሴቶቹ አንድ፤ አራቱንም እየተጋገዙ ሣሉ። ሥዕሎቹ ከሌሎች ሥራዎች ጋር ሲድኒ ላይ ለጨረታ ቀረቡ፤ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ። በ2004 ኪንቶር ላይ እጥበት ተጀመረ። ያ ማሽን በቀለም የተገዛ ነው። ለየብቻ ተቀምጦ በ60 ዶላር መሸጥ ይህን አያደርግም።

ኩላሊት እጥበት የምሠራላት አንዲት እናት አለች። ግራ ክንዷ ላይ ሁለት መርፌ ገብቶ ሳለ ቀኝ እጇን አያለሁ፤ ጥፍሯ ሥር ቢጫና ነጭ ቀለም ደርቋል። አንድ ቀን «አገርሽ የት ነው?» አለችኝ። «ላስታ» አልኳት። «አሁን ማን ይጠብቀዋል?» አለችኝ። አጎቴ እዚያው እንዳለ ስነግራት ነው ፊቷ የተፈታው።

የፉትስክሬዩ፦
እህቴ፣ አንጀቴን በላሽው። ከዩንዱሙ አዝዣለሁ። ግን የነጠብጣቡን ትርጉም ለባልደረባዬ እንዴት ላስረዳት?

የበረሃዋ ነርስ፦
ከሥዕሉ ጋር የሚመጣው ወረቀት ሊነገር የተፈቀደውን ይነግርሃል። ከዚያ በላይ አትጠይቅ። ታሪኩ የሚወረስ ነው፤ መብቱ የሌለው ሰው ቢሥለው ከባድ ነውር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለሁሉም ዓይን ያልተፈቀዱ ምልክቶች ሸራ ላይ ወጥተው ብርቱ ቁጣ ተነሥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይጠነቀቃሉ። ታቦት ተሸፍኖ ሲወጣ እያየን ላደግን ይህ እንግዳ አይሆንብንም።

ሸራ ወጣሪው፦
ወንድሜ፣ በፍሬም ሥራ ላይ ስላለሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሥዕሉ ተጠቅልሎ ከመጣልህ እንዳታጥፈው፤ ቀለሙ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። በሸራው ጀርባ የተጻፈውን ቁጥር ከወረቀቱ ቁጥር ጋር አመሳክር። ወረቀቱን ደግሞ በሙጫ ከጀርባው አትለጥፈው፤ በፖስታ አድርገህ ለብቻው ስጣት።