ዚንክ፣ ሴሌኒየምና ማግኒዥየም የደም ቅባትን ያወርዳሉ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 227፣ ኤችዲኤሉ (ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል) 41፣ ትራይግሊሰራይዱ (ሌላው የደም ቅባት) 190፣ ኤልዲኤሉ (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) 148 (ሁሉም በሚሊግራም በዴሲሊትር) የሆነ አዋቂ ሰው በቀን 50 ሚሊግራም ዚንክ፣ 200 ማይክሮግራም ሴሌኒየምና 400 ሚሊግራም ማግኒዥየም አንድ ላይ ቢወስድ በደም ቅባቱ ላይ ምን ለውጥ ይጠበቃል? መጠኑስ ልክ ነው? ኦክሲዴቲቭ ስትረስ (ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶች በሴሎች ላይ የሚያደርሱት ጫና) መቀነሱን የሚያሳይ የሚታመን ምርመራስ አለ?

ባዮኬሚስት፦
ከዚንኩ ልጀምር፤ ከሦስቱ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። መጀመሪያ 50 የተባለው የጨው ክብደት ይሁን የዚንኩ የራሱ ማሸጊያው ላይ ይታይ። ለምሳሌ 220 ሚሊግራም ዚንክ ሰልፌት ውስጥ ያለው ዚንክ 50 ሚሊግራም ገደማ ነው። 50ው የዚንኩ የራሱ ከሆነ በዝቷል። የአዋቂ ወንድ የቀን ፍላጎት 11፣ የሴት 8 ሚሊግራም ሲሆን፣ በአሜሪካ የተቀመጠው ጣሪያ ከምግብ የሚገኘውን ጨምሮ 40 ነው።

ጣሪያው የተቀመጠበት ምክንያት በቀጥታ ጥያቄዎን ይነካል። ዚንክ ሲበዛ የአንጀት ሴሎች ሜታሎቲዮኒን የሚባል ፕሮቲን በብዛት ይሠራሉ። ይህ ፕሮቲን ከዚንኩ ይልቅ መዳብን አጥብቆ ይይዛል፤ ሴሎቹ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲረግፉ መዳቡም አብሯቸው በሰገራ ይወጣል። በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለውና ኦክሲዴቲቭ ስትረስን የሚከላከለው ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የሚባል ኢንዛይም ደግሞ ያለ መዳብ አይሠራም። በቀን 50 ሚሊግራም ዚንክ ለ10 ሳምንት በወሰዱ ሴቶች ላይ የዚህ ኢንዛይም ሥራ ቀንሶ ተገኝቷል። ኦክሲዴቲቭ ስትረስን ይቀንሳል ተብሎ የተወሰደው ነገር የሰውነትን የራሱን መከላከያ አዳከመ ማለት ነው።

ኤችዲኤልም አይተርፍም። እ.ኤ.አ. በ1980 በታተመ ጥናት 12 ጤነኛ ወንዶች በቀን 160 ሚሊግራም ዚንክ ለ5 ሳምንት ወስደው ኤችዲኤላቸው በ25 በመቶ ገደማ ሲወርድ፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸውም ኤልዲኤላቸውም አልተነቃነቀም። መጠኑ ከእርስዎ ጥያቄ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ቢሆንም ኤችዲኤሉ 41 ላይ ላለ ሰው ወደዚያ አቅጣጫ መሄድ ምንም ትርጉም የለውም። የዚንክ እጥረት ካለ በቀን ከ15 እስከ 25 ሚሊግራም ለተወሰነ ጊዜ ይበቃል። ብዙ ዚንክ ለረጅም ጊዜ ወስዶ የደም ማነስ፣ የነጭ ደም ሴል ማነስ ወይም የእግር መደንዘዝ የታየበት ሰው መዳቡ ሳይለካ መታለፍ የለበትም።

ፋርማሲስት፦
ስለ ሴሌኒየም ልጨምር። ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የሚባለው ሌላ የመከላከያ ኢንዛይም ሴሌኒየም ይፈልጋል፤ ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው ሴሌኒየም በቂ ከሆነ በኋላ ቢጨመርለትም ሥራው ከዚያ በላይ አይጨምርም። ሴሌኒየማቸው ዝቅ ባለ እንግሊዛውያን ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ በቀን 100 ወይም 200 ማይክሮግራም ለ6 ወር የወሰዱት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከ10 ሚሊግራም በዴሲሊትር ባልበለጠ ወርዷል። ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ኤልዲኤልን ከ30 እስከ 50 በመቶ እንደሚያወርድ ሲታሰብ ይህ ጥቂት ነው። የቀን ፍላጎቱ 55 ማይክሮግራም ነው፤ የአውሮፓ ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 255 ዝቅ ተደርጓል። የፀጉር መርገፍ፣ የጥፍር መሰባበርና ነጭ ሽንኩርት የሚመስል የትንፋሽ ሽታ የመብዛቱ ምልክቶች ናቸው። ደግሞም ሴሌኒየም በማይክሮግራም፣ ዚንክ በሚሊግራም ነው የሚለካው፤ ሁለቱን ማምታታት የሺህ እጥፍ ስሕተት ነው፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ።

ማግኒዥየም ከምግብ ውጭ በቀን ከ350 ሚሊግራም ሲያልፍ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ማግኒዥየም ኦክሳይድ የሚባለው ዓይነት በደንብ ስለማይመጠጥ ይብሳል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ያለ ሐኪም ክትትል አይሰጥም። ቅባት ላይ ያለው ውጤት ትንሽና የማይጨበጥ ነው።

ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት፦
ስለ ምርመራው፦ ኤምዲኤ የሚባለው፣ ቅባት በኦክሲዴሽን ሲጎዳ የሚፈጠር ንጥረ ነገር፣ በተለመደው ዘዴ ሲለካ ከሌሎች ንጥረ ነገሮችም ጋር ቀለም ይሰጣል፤ ናሙናው ሲሞቅ ራሱ ኦክሲዴሽን ይፈጠራል። «ጠቅላላ አንቲኦክሲዳንት አቅም» ደግሞ ከፍተኛ ድርሻው ከዩሪክ አሲድ ስለሚመጣ፣ ዩሪክ አሲዱ የጨመረ ሰው የተሻለው ሊመስል ይችላል። ኤፍ-2 አይሶፕሮስቴን የሚባለውን መለካት ይሻላል፤ ግን ለምርምር እንጂ ሕክምናን ለመወሰን አይደለም። ገንዘቡን ለነዚህ አታውሉት።

የደም ቅባት ሲለካ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ጾሞ፣ በዚያው ላብራቶሪ፣ ከመወጋት በፊት ቢያንስ 5 ደቂቃ ተቀምጦ ይሁን። ከመነሻው ሁለት ጊዜ በሁለት ሳምንት ልዩነት ይለካ፤ ትራይግሊሰራይድ ያለ ምንም ሕክምና በ20 በመቶ ይወዛወዛልና። ትኩሳት ባለበት ሰሞን የተወሰደ ውጤት ኮሌስትሮልን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ዚንክ የሚለካ ከሆነ ለጥቃቅን ማዕድናት የተዘጋጀ ቱቦ ያስፈልጋል፤ የተራ ቱቦ የጎማ ክዳን ዚንክ ይለቃል። በናሙናው ውስጥ ያሉት ቀይ የደም ሴሎች ከፈረሱም ከነሱ በሚወጣው ዚንክ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። ኢንፌክሽን ሲኖር ደግሞ የደም ዚንክ ስለሚወርድ፣ ሲአርፒ (የሰውነት መቆጣትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) አብሮ ካልታየ እጥረት የሌለበትን ሰው እጥረት አለበት ልንል እንችላለን።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። ሰውየው ሮሱቫስታቲን (ከስታቲኖች አንዱ) ከጀመረ ማግኒዥየሙ ይጋጫል?

ፋርማሲስት፦
አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ያለበት የጨጓራ ማርከሻ ከሮሱቫስታቲን ጋር አብሮ ሲወሰድ የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማርከሻው ከሮሱቫስታቲኑ ቢያንስ 2 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። የማግኒዥየም እንክብልንም በዚያው ልክ ብታራርቁት ጉዳት የለውም። ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ መድኃኒት) የሚወስድ ከሆነ ልዩነቱ 4 ሰዓት ይሁን። የታይሮይድ መዳከም በራሱ ኤልዲኤልን ስለሚጨምር፣ ቲኤስኤች (የታይሮይድን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ያልተለካለት ሰው ከማንኛውም እንክብል በፊት እሱን ይለካ።