ዳዊት ውስጥ የተገኙ አራት የምኒልክ ቴምብሮች

የጉለሌ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአያቴን ዳዊት ሳገላብጥ አራት ትንንሽ ቴምብሮች ዱብ አሉ። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቡናማ። አራቱም ላይ አጤ ምኒልክ ዘውድ ደፍተው አሉ። ሦስቱ ንጹሕ ናቸው። ሰማያዊው ግን ግማሽ ክብ ማኅተም አርፎበታል፤ ከጀርባውም አሮጌ ወረቀት ተጣብቆበታል። አንድ ጎረቤታችን «መኪና ይገዛሉ» ካለ ወዲህ እናቴ እንቅልፍ አጥታለች። እውነት ነው? ወረቀቱንስ በውሃ ነክሬ ላላቀው?

ጋሽ ቴምብሩ፦
እንዳትነክሪው! እናትሽንም አረጋጊያቸው፤ መኪና የለም።
የያዝሻቸው የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ናቸው። በፈረንጅ 1894 ፓሪስ ታተሙ፤ የቀረጻቸው ፈረንሳዊው ኧዤን ሙሾን ነው። ባጠቃላይ ሰባት ናቸው። ሩብ፣ ግማሽ፣ 1 እና 2 ግርሹ (ግርሽ የያኔው ገንዘብ ነው) ላይ ምኒልክ፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሹ ላይ ደግሞ አንበሳ አለ። አንቺ ጋ ያሉት ምኒልኮቹ ናቸው፤ አንበሶቹ ቀርተውብሻል።
ታዲያ ለምን አይወደዱም? ያኔ ደብዳቤ የሚልክ ሰው ስንት ነበር ብለሽ ነው? ብዙው ሳይለጠፍ ሰብሳቢ እጅ ገባ። እኔ ንጹሖቹን አራቱን የገዛሁት በአንድ ምሳ ዋጋ ነው፤ ያውም ያለ ሥጋ። ልቤ ያለው ሰማያዊው ላይ ነው። ማኅተሙ ይነበባል?

ሐረርጌ፦
ጋሼ ልክ ነው። ልጨምርበት። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት የገባችው በፈረንጅ 1908 ነው። ከዚያ በፊት የምኒልክ ቴምብር ብቻውን ከጅቡቲ አያልፍም ነበር። ውጭ አገር የሚሄድ ደብዳቤ ያኔ ጅቡቲን የያዙት የፈረንሳዮቹ ቴምብርም ይለጠፍበት ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ያሉበት ፖስታ ካገኘሽ፣ እሱን ነው ካዝና ውስጥ የምትቆልፊው።
ደግሞ ላዩ ላይ «ቦስታ» ወይም «መልክት» የሚል ጽሑፍ የተመታበት ቢመጣልሽ ቶሎ እውነተኛ ነው አትበዪ። አስመስለው የሚመቱት ብዙ ነው። እኔ አንዴ ተሸውጃለሁ፣ ዋጋውን አልናገርም።

የጉለሌ ልጅ፦
ማኅተሙ ላይ ሐረር የሚል ይመስለኛል፤ በስልኬ አጉልቼ ነው ያየሁት። የወረቀቱን ነገር እናቴን ጠየቅኳት። ድሮ ሙሉ ፖስታ ነበር አለችኝ። የፈረንጅ ፊደል ያለበት ሌላ ቴምብርም ነበረበት። ልጅ ሆና የንጉሡን ብቻ በመቀስ ቆርጣ አስቀረች። የቀረው ለቡና ከሰል ማያያዣ ሆነ።

ጋሽ ቴምብሩ፦
የሐረርጌን መልስ ለእናትሽ እንዳታነቢላቸው።