አዮዋ ውስጥ ትንሽ ካፌ አለኝ፤ አዲሱ የጾታ ሕግ እኔን ይመለከተኛል?

የጀበናዋ፦
ሰላም ቤቶች። ዴሞይን ውስጥ ካፌ አለኝ፣ 9 ሠራተኞች አሉኝ። አንዷ ትራንስጀንደር ናት፣ ሥራዋ ላይ አንዲት እንከን የላትም። ሰሞኑን አንድ ደንበኛ ጠጋ ብሎ «ሕጉ እኮ ተሽሯል፣ ብታሰናብቻት ማንም አይጠይቅሽም» አለኝ። ላሰናብታት አይደለም የምጠይቀው። ግን ሕጉ ምን ይላል? አንዱ ፌዴራል ይከለክላል ይለኛል፣ ሌላው ስቴቱ ፈቅዷል ይላል። ግራ ገባኝ።

ሚኒያፖሊስ፦
እህቴ፣ የደንበኛሽ ወሬ ግማሹ እውነት ነው። አገረ ገዥዋ ኪም ሬይኖልድስ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ፈርመው፣ ከጁላይ 1 ጀምሮ «የጾታ ማንነት» (ሰው ራሱን ወንድ ወይም ሴት ብሎ የሚያይበት) አድልዎን ከሚከለክለው የአዮዋ የሲቪል መብቶች ሕግ ወጥቷል። የገባው በ2007 ነበር። አንድ ስቴት እንዲህ ያለ ጥበቃ ሰጥቶ መልሶ ሲነሳ ይሄ የመጀመሪያው ነው። አሁን ሕጉ ጾታ የሚለው ሲወለዱ የታየውን ወይም በሕክምና የተረጋገጠውን ነው።

ፌዴራሉ ግን አለ። በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቦስቶክ ጉዳይ 6 ለ 3 ወሰነ፤ ሰውን ትራንስጀንደር ነው ብሎ ማባረር በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የጾታ አድልዎ ነው ተባለ። ውሳኔውን የጻፉት ደግሞ ትራምፕ የሾሟቸው ዳኛ ጎርሰች ናቸው፣ ይሄን ስነግራቸው የማያምኑኝ አሉ።

አሁን ልብ በዪ። የፌዴራሉ ሕግ የሚይዘው 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለውን አሠሪ ነው። የአዮዋው ከ4 ጀምሮ ይይዛል፣ ቤተሰብሽ ሳይቆጠር። አንቺ 9 አለሽ፣ ስለዚህ መሀል ላይ ወድቀሻል። ድሮ በዚህ ጉዳይ ስቴቱ ይጠይቅሽ ነበር፣ አሁን ስቴቱም ፌዴራሉም አይይዝሽም። ከተማው የራሱ ደንብ እንዳለው ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ጠይቂ።

የገጠር ልጅ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ክርክር ለኛ ምን ይረባናል? እኛ አማኞች ነን። ወንድ ወንድ ነው፣ ሴት ሴት ናት። ሴት ልጄ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ስትገባ ማን እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ስቴቱም ያደረገው ይሄንኑ ነው።

ቤተልሔም የሕግ ቢሮ፦
ወንድሜ፣ እምነትህን የነካ የለም። ግን የምትለው ሌላ ሕግ ነው። አዮዋ የሴቶች ስፖርትን በ2022፣ የትምህርት ቤት ሽንት ቤትን በ2023 በየራሳቸው ሕግ ደንግጋለች። ደጋፊዎቹ «የሲቪል መብቱ ሕግ እንዳለ ከቀጠለ እነዚያን ሕጎች ፍርድ ቤት ያፈርስብናል» ብለው ነው የ2025ቱን ያመጡት፣ ይሄ ክርክራቸው ሕግ ለሚያውቅ ሰው ባዶ አይደለም። የተሰረዘው ግን ሽንት ቤት ብቻ መች ሆነና! ሥራ፣ የቤት ኪራይ፣ ብድር፣ ሁሉም አብሮ ሄደ። ስለ ሽንት ቤት እየተወራ ሰውን ቤት አላከራይህም ለማለት በር ተከፈተ። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ደግሞ «ለኛ ምን ይረባናል» ላልከው፣ በአነጋገር ዘዬአቸው ወይም ነጠላ በመልበሳቸው ተሰናበቱ ብለው ወደ ቢሯችን የሚመጡት የኛው ሰዎች የሚከሱት በዚሁ ሕግ ነው፤ የትውልድ አገርና ሃይማኖት እዚያው ዝርዝር ውስጥ ናቸው።

የገጠር ልጅ፦
ሃይማኖትን ማንም አይሰርዝም። እሱና ይሄ አንድ አይደሉም፣ ማመሳሰሉ አልተዋጠልኝም።

ሚኒያፖሊስ፦
ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። አንድ ነገር ረስቼ ነበር፦ «የጾታ ዝንባሌ» (ሰው ወደየትኛው ጾታ እንደሚሳብ) ከአዮዋው ሕግ አልወጣም፣ ስለዚህ ያ ደንበኛ እንዳለው ሁሉም ነገር አልተሻረም። ፌዴራሉ ዘንድ ደግሞ ሰው የሚቆጠረው ሙሉ ቀን የማይሠሩት ልጆችም ጭምር ነው፣ በዓመቱ 20 ሳምንት ያህል 15 ከሞላሽ ገባሽ። አዮዋ ውስጥ አድልዎ ደረሰብኝ የሚል ሠራተኛ ቅሬታ ማቅረቢያው 300 ቀን ነው።

የጀበናዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሽንት ቤቴ አንድ ነው፣ በሩ ላይ ወንድም ሴትም አልተጻፈም፣ በዚያ በኩል ጭቅጭቅ የለብኝም። ግን በጋ ላይ አንከኒ ከተማ ሁለተኛ ቤት ልከፍት ነው፣ እዚያ 7 ሰው እቀጥራለሁ። ድርጅቱ ያው አንድ ነው። ይደመራል ማለት ነው?

ቤተልሔም የሕግ ቢሮ፦
አዎ፣ 16። ያኔ ቦስቶክ ይመለከትሻል።